አባዬ ያኮረፈበት ክፍል

ሰኞ፣ ጥር 5

ቁልፉ ዛሬም ግማሽ ዙር ወደ ግራ ካልተመለሰ አይከፍትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጠብታ ዘይት አላደረገበትም። ከፈትኩ… ያው ክፍሌ። ያው የጠመኔና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩበት መዋዕለ ሕፃናት ከነገ ጀምሮ የአረጋውያን መዋያ ነው። ሠፈሩ ልጅ አለቀበት። መጀመሪያ አራት ክፍል ነበርን፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻው ዓመት እኔ ብቻ ሰባት ልጅ ይዤ… ከሰባቱም ሁለቱ መንታ ናቸው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሩም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። አሁን ደግሞ ሽማግሌው በዝቶ የሚውልበት አጣ። እና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ማንን ይጥሩ? እኔን። ክፍሉን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም አሉኝ። ክፍሉንስ አውቀዋለሁ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ እሺ ያልኩት ለአባዬ ብዬ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አይነሳም። ለምግብ ይነሳል፣ ለመኝታ ይነሳል፣ በቃ። ሠላሳ ሰው ቀጥ አድርጎ ያሠራ የነበረ የግንባታ ካቦ፣ ዛሬ የሚያልፍ መኪና ይቆጥራል። ፊት ለፊቴ እንዲህ እየሟሸሸ ሲያልቅ ማየት አልችልም። እኔ እዚያ ከዋልኩ እሱም አብሮኝ ይውላል… ተንኮሌ ይህ ነው። ሳምንት ሙሉ ለመንኩት። ትናንት ቁርስ ላይ «ለማየት ያህል» አለ። ለማየት ያህልም ይበቃኛል።

አስራ አራት ሰው ተመዝግቧል።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

አስራ አራቱም መጡ። አቀባበሉ አማረልኝ። ኮት መስቀያዎቹ ላይ እንደ ድሮው ሥዕል ለጠፍኩላቸው፤ ስም በደቃቅ ፊደል ማን ያነባል ብዬ ነው። ለአባዬ ጥንቸል ደረሰው። ለአዋላጇ ዳክዬ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ የሠፈሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው ተቀብለዋል፣ የእኔንም ልጅ ጨምሮ። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ሹፌር ደግሞ ዔሊ። ዔሊውን አየት አየት አደረገና «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው ያለሽ ማነው?» አለኝ። ሳቅን። ማለት… እኔ ሳቅኩ።

ጫጫታው ሲበዛ አጨበጨብኩ፤ ሁለት ቀርፋፋ፣ ሦስት ፈጣን። ድሮ በዚያ ጭብጨባ ሃምሳ ልጅ ጸጥ ይል ነበር። እነሱም ጸጥ አሉ። ልማድ ደግ ነው!

አንድ ችግር አለ። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጥቷል፣ የእጅ መታጠቢያውን ግን ያሰበበት የለም። እንደነበረ ጉልበት ላይ ነው። የታጠበ ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው ቀና የሚለው። መስታወቱም እዚያው ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው የቀበቶው ዘለበት ብቻ ነው። አዋላጇ «ከሆዴ ጋር ከተያየን ቆይተን ነበር፣ ዛሬ ተገናኘን» አሉ።

አባዬ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። ግን ተነስቶ ሄዶ መታጠቢያው ያለበትን ግድግዳ በጣቱ መገጣጠሚያ ሲያንኳኳ አየሁት። ከወንበር ተነሳ! እሰየው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ምሳ ላይ ነው። አዋላጇ ስለ ጉልበታቸው እየነገሩኝ ነበር። ፊቴ ወደ እሳቸው ነው። እጄ ግን… እጄ ሠላሳ አራት ዓመት የለመደውን አደረገ። ናፕኪን አነሳ፣ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው አገጭ ያዘ፣ አፉን ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገ። አፌ ደግሞ ጨመረበት፤ «ጎበዝ! ጨርሰናል?»

አባዬ ነበር።

ሌላው ሁሉ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። አባዬ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ። ኮቱን ከጥንቸሏ ላይ አወረደ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር። ተከትዬ እንዳልሮጥ አስራ ሦስት ሰው ትቼ የት እሄዳለሁ? እንደምንም ሰሃን ሰበሰብኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ጥር 9

አባዬ ቤት አለ፣ ግን የለም። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሻዩን አማሰለ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል እግሩን ሰበሰበ። ከጠረጴዛው ጋር ግን ይነጋገራል። «ጨው የለም» አለው። ጨው አቀበልኩ። «ይበቃል» አለው፣ ለጠረጴዛው።

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ድሮ ከወንበሩ ባይነሳም ያናግረኝ ነበር እኮ።

ሰኞ፣ ጥር 12

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መጣ። ቢበዛ ሠላሳ ዓመቱ ነው። አስተምሬው እንዳይሆን ብዬ ጆሮውን አየሁ… ልጆቼን ሁሉ በጆሯቸው ነው የማስታውሳቸው። አይደለም። «እማማ» ይለኛል። እትዬ ቢል ምን ይጎድልበታል? ምርኩዝ አልያዝኩ፣ ጎብጬ አልሄድኩ።

መመሪያውን አነበበልኝ። የካቲት 20 ቆጠራ አለ። በዚያን ቀን ተመዝግቦ በአካል የተገኘ፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ከአስር ካነሰ ክፍሉ ይዘጋል። ከዚያስ ምን ይሆናል አልኩት። የጽሕፈት ቤቱ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል አለኝ። የተሰበረ ወንበር! ሰው እቤቱ ተዘግቶበት ሲውል ወንበር ክፍል ያገኛል። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። አይስጉ፣ አስራ ሦስት ሰው አለኝ ብዬ ሸኘሁት።

ከሄደ በኋላ ቆጠርኩ። ዛሬ የመጣው አስራ አንድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሰባት። ሹፌሩን ጉልበቱ፣ ከመካከላቸው ልብስ ሰፊ የሆነውን እንግዳ፣ አዋላጇን «ትንሽ ጉንፋን» አስቀራቸው። የሠፈሩ በሽታ ሁሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው እንዴ የሚጀምረው? ደብሯቸው ይሆናል ብዬ መዝሙር ጨመርኩ፣ በእጅ እንቅስቃሴ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ከልባቸው ዘመሩ። ሌሎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አባዬም አንድ ነገር አለው። ጎረቤቴ «አባትሽ ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ ለብሰው ይወጣሉ» አለችኝ። ወዴት? ብጠይቀው ለግድግዳው «አየር» ብሎ መለሰለት። ደግሞ በሁለት ሳምንት ሁለቴ ፀጉሩን ተስተካክሏል። ያለው ፀጉር ተቆጥሮ ሃያ ቢሞላ ነው።

ለማንኛውም ይወጣል። ይህም አንድ ነገር ነው። ግን ከማን ጋር? ልጅነቴን አስታወሰኝ፤ እሱ ነበር እኔን ወዴት ነሽ የሚለው።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ዛሬ የመጡት አራት ናቸው፣ እነሱም ምሳ በልተው ሄዱ። ዘጋሁና በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል ወደ ቤቴ…

ማቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ፀጉር ቤት አለች። ሦስት ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ የሰባ ሁለት ዓመት ፀጉር አስተካካይ። ወጣቱ ሁሉ አዲሶቹ ዘንድ ከሄደ ወዲህ ሰውዬው ዝንብ ሲያባርር ነው የሚውለው። ዛሬ ግን ጢም ብላ ሞልታለች። በመስታወቷ አየሁ። ጉልበቱን ያመመው ሹፌር። እንግዳ የመጣበት ልብስ ሰፊ። ጉንፋን የያዛቸው አዋላጅ። ሌሎችም የእኔው ሰዎች። መሃል ወንበር ላይ ደግሞ አባዬ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ዳኛ።

አዋላጇ ተነሱ። አጨበጨቡ፤ ሁለት ቀርፋፋ፣ ሦስት ፈጣን። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር፣ ድምፃቸውን ቅጥን አድርገው «ጎበዞች! እጃችንን ታጠብን?» አሉ። ቁርጥ እኔን! አንገቴን እንዲያ እንደምሰብር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። ጭኑን እየመታ፣ እንባውን እየጠረገ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ያን ሳቁን አላየሁትም።

አልገባሁም። በሌላ መንገድ ዞሬ ቤቴ መጣሁ። ልቤ አዘነ፣ ደስም አለው፣ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ሁለት ዓመት የለመንኩት ሳቅ መጣ… በእኔ ላይ ሆኖ መጣ። እንግዲያ ክፍሉ ይዘጋ? እሱ እንደሆነ ከወንበሩ ተነስቷል። ግን ፀጉር ቤቷ ስንት ቀን ትችላቸዋለች? ሁለቱ ቆመው ነበር፣ አንዱ ልብ ድካም ያለበት። ሽንት ቤት እንኳ የላትም፤ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ሽንት ቤት የሌለበት ቤት ምን ያህል ይቆያል?

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሦስት ሰው። መዝሙሩን ተውኩት።

እሑድ፣ የካቲት 2

ልጄ ደወለች። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፣ እሑድ ሳትደውል አታሳልፍም። የግፊት መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ? ዋጥኩ። ከምግብ በኋላ ነው? አዎ። ውሃስ ጠጣሽበት? ጠጣሁ። «ጎበዝ እማዬ! ጎ-በ-ዝ!» አለችና እዚያው ስልኩን እንደያዘች ከባሏ ጋር ስለ መኪናቸው ጎማ ማውራት ጀመረች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደርቄ ቀረሁ። አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። እኔ እኮ ነኝ አፍንጫዋን ይዤ ሽሮፕ ያስዋጥኳት… ልቆጣ? በምን? ክፉ አላደረገችም። ትወደኛለች። የጎማው ወሬ ሲያልቅ ተመልሳ መጥታ «የት ደረስን?» አለች። ደህና ነኝ፣ ቻው አልኳት።

ቀና ስል አባዬ ከመስኮቱ ሥር እያየኝ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ገና ዓይኑን ከእኔ አላሸሸም።

ለካ እንዲህ ነው የሚያመው።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ አንድም ሰው አልመጣም። እስከ አራት ሰዓት ጠበቅኩ፣ ቆለፍኩ፣ ፀጉር ቤቷ ሄድኩ።

ስገባ ሬዲዮው ብቻ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከፍቶ መዝጋት ረሳ። አዋላጇ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ሳል ጀመሩ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልጀምር? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ፤ ጭብጨባው ላይ ሦስተኛዋ ትንሽ ፈጠን ትላለች፣ አንገቱን ግን አግኝተውታል አልኳቸው አዋላጇን። መጀመሪያ ሹፌሩ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። አዋላጇ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ሳሉም በዚያው ዳነ።

ሳቁ ሲበርድ ወደ አባዬ ዞርኩ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ አልኩት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ፣ አዞረ።

«አፌን ስለጠረግሽ አይደለም» አለኝ። ለእኔ! ለጠረጴዛ አይደለም፣ ለግድግዳ አይደለም። «እናትሽም ትጠርገኝ ነበር። እሷ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። አንቺ ሌላ ሰው እያየሽ ጠረግሽኝ። ጠረጴዛ የምትወለውዪ ነው የመሰለኝ።»

አለቀስኩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ንጹሕ ፎጣ አቀበለኝ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የካቲት 20 ቆጠራ እንዳለ፣ አስር ሰው ካልሞላ ክፍሉ ለተሰበረ ወንበር እንደሚሰጥ። ሹፌሩ ተቆጣ፤ እኛ ቆመን ወንበር ሊቀመጥ ነው? አለ። እኔ ግን አባዬን ነበር የማየው። ሥራው አልሆነልኝም አልኩት። ልጅ ማሳደግ አውቃለሁ፣ ትልቅ ሰው መያዝ አላውቅም። ካቦ እፈልጋለሁ።

ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ደፋ። እምቢ ማለቱ ነው ብዬ ስነሳ፣

«ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው» አለ። «አንኳኩቼዋለሁ። መታጠቢያው ወደ ላይ ይውጣ ከተባለ ከጀርባው እንጨት ይፈልጋል።»

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሕግ ወጥቶልኛል። ጭብጨባ ቀርቷል። ሥዕሎቹ ተነስተዋል፤ እያንዳንዱ ስሙን በራሱ እጅ ጽፎ ለጠፈ። አዋላጇ ግን ዳክዬዋን አልሰጥም ብለው አስቀሯት። ምሳ ቆሜ አላሳልፍም፣ ቁጭ ብዬ አብሬ እበላለሁ። «ጎበዝ» የምትባለዋን ቃል አልናገርም። የሰው አካል ከመንካቴ በፊት ዓይኑን አይቼ እጠይቃለሁ። የመጨረሻዋ የአባዬ ናት።

መታጠቢያው ዛሬ ተነቀለ። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ በከዘራው እያሳየ ያዛል። ሹፌሩ ውሃ ልክ ይይዛል። ልብስ ሰፊው በሜትሩ ለካ፤ የሁሉንም ሰው ክንድ ከመሬት ለክቶ አማካዩን አወጣ፣ ልክ ለሱፍ ልብስ እንደሚለካ አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ። ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ከየት እናምጣ ብዬ ስጨነቅ አዋላጇ «ያዋለድኩት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አለ» ብለው ደወሉ። በግማሽ ሰዓት ከተፍ አለ፣ አርባ ዓመት የሆነው ሰውዬ፣ እንደ ልጅ እየታዘዘ። የሚወለድ ልጅ ሲጠፋ ያዋለዷቸውን መጥራት ጀመሩ።

አባዬ «እንዲህ አይደለም፣ እንደገና!» ሲል ድምፁ ደረቱ ውስጥ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም። ያን ድምፅ ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር። ዛሬ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

መታጠቢያው በቦታው ሆነ። መስታወቱም ከፍ አለ። አዋላጇ ፊታቸውን አይተው «ሆዴ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ቁጥራችን ይኸው። ከአስራ አራቱ ዘጠኙ ተመልሰዋል፣ ከነአባዬ። ሦስቱ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው መኖር ጀምረዋል። አንዱ ሰውዬ ቤቱን ይመርጣል። እኚያ ከልባቸው የዘመሩት ሴትዮ ደግሞ መዝሙሩ ከቀረ ምን እሠራለሁ ብለው ቀሩ! ለሁሉም አይሆንም ነገሩ። አስረኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሊዘጋ ወስኖ አንዱን ወንበር በጋሪ እያስገፋ መጣ፣ እዚሁ ጥጉ ላይ ተከለው። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? አለ።

አስር። ልክ አስር። አንዱ እንዳያስነጥስብኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሹፌሩ የመድኃኒት ሣጥኑን ሳልነግረው አስተካክሎ ሲያሳየኝ «ጎበ…» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። «ጨርሺው» አለኝ፣ «እኔ እንኳ ደስ ይለኛል፣ ማንም ብሎኝ አያውቅም።» ወይ ጣጣ።

አባዬ ያናግረኛል። አብዛኛው ትእዛዝ ነው። መጥረጊያ አምጪ፣ በር ዝጊ፣ አሁን ቁጭ በዪ። ቁጭ በዪ የሚለው ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ ከሰዓት በኋላ እግሬ እንደሚያብጥ ማን ነገረው?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

አስነጠሱብኝ። ሹፌሩ ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። አባዬና እኔ ሄደን አየነው። እግሩ ተሰብሯል፣ መንፈሱ ደህና ነው። ያሳዘነው ሕመሙ ሳይሆን ቀኑ ነው። «ነገ በቃሬዛ ይውሰዱኝ» እያለ ነርሷን አስቸገራት። እኔንም አስለቀሰኝ።

ዘጠኝ ሆንን። መዝሙር ወዳዷ ሴትዮ ቤት ሄድኩ፣ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል፣ ሳምንት ይቆያሉ አሉኝ። ቤቱን የሚመርጠው ሰውዬ በሩን አልከፈተም። ኃላፊው ጋ ደወልኩ፤ አንድ ሰው ቢጎድል? አልኩት። መመሪያው አስር ይላል እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እሱም የሚያዘው አለው።

ስመለስ ለአባዬ ነገርኩት። በቃ፣ አልቋል አልኩት። የተሰበሩት ወንበሮች መምጣታቸው ነው። አባዬ ሄዶ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያው የድሮው ወንበር። ደነገጥኩ። ተመልሶ እዚያው ሊቀር ነው? ነገ ከነገ ወዲያ መኪና ሊቆጥር?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ኃላፊው በአራት ሰዓት መጣ። ዘጠኙም ፀጉራቸውን ተስተካክለው፣ ጫማቸውን ጠርገው በረድፍ ተቀምጠዋል። ፀጉር አስተካካዩ ከጧት ጀምሮ መቀሱ አላረፈም፣ የአዋላጇን ፀጉር እንኳ ቆርጧል። አንድ፣ ሁለት… ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ቆጠረ። መዝገቡ ላይ አስር አለ፣ ሹፌሩ ሆስፒታል ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ፣ «በአካል ይላል እኮ እማማ» አለ። እስክሪብቶውን አወጣ።

«አስር ነን» አለ አባዬ።

ኃላፊው ሦስተኛ ሊቆጥር ጣቱን አነሳ። አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እሷስ? ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ዕድሜዋን አልሳሳትም።»

እኔ? እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ… ልል አፌን ከፈትኩ። ይህን ሁሉ ሳምንት «ሽማግሌው»፣ «እነሱ» እያልኩ ስጽፍ ከርሜያለሁ። የግፊት መድኃኒት እየዋጥኩ፣ እግሬ እያበጠ፣ እማማ ሲሉኝ እየተናደድኩ። ራሴን አንድም ቀን አልቆጠርኩም። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ። አፈርኩ? አዎ፣ ትንሽ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ከባድ ዕቃ ካስቀመጡ በኋላ እንደሚሰማው ዓይነት ቀለል አለኝ።

ኃላፊው መመሪያውን ገለበጠ፣ ገለበጠ። ሠራተኛ መመዝገብ አይችልም የሚል የለም። የጻፉት ሰዎች ሠራተኛው ወጣት ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ አለ። ከዚያ እሱም ፈገግ አለ። ቅጹን ሰጠኝ፣ ነገ ተሞልቶ ይድረሰኝ አለ። መዝገቡ ላይ አስር ጻፈ።

ለሹፌሩ ደወልን። ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ነርሷ ተቆጣችው።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ቅጹን ዛሬ ጠዋት ከአባዬ ጋር ሞላነው። ስም። ዕድሜ። ሕመም ካለ፤ ግፊት። የሚችሉት ሥራ፤ ብዙ ነው ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «ድንገተኛ ነገር ቢደርስ የሚጠራ ሰው» ይላል። ከሥሩ ዝምድና፣ ሦስት ሳጥን፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሌላ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ልጄን ልጻፍ? እሷ እስክትደርስ አንድ ቀን ይፈጃል። ሌላ ማን አለኝ?

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ከጎኔ ያነብ ነበር። ዓይኔን አየኝ። «ልጻፍ?» አለኝ። ጻፍ አልኩት። እስክሪብቶውን ወሰደ፣ ሦስቱንም ሳጥን በአንድ መስመር ሰረዛቸው። ከጎናቸው፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሲጽፍ በለመደው ትልልቅ ፊደል፣ «አባት» ብሎ ጻፈ። ዕድሜ፤ 88። ስልክ ቁጥሩን ማንንም ሳይጠይቅ በቃሉ አወረደው።

ጽሕፈት ቤት አብረን ሄደን አስረከብን። ኃላፊው አነበበው፣ ቀና አለ፣ መልሶ አነበበው።

«አባባ፣ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ… የሚመጡት እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ታዲያ ማን ሊመጣ ነው?» አለ አባዬ። «ልጄ እኮ ናት።»

ኃላፊው ማኅተሙን አነሳና መታበት።